ወራሽ የሚለው መስመር

ከደምበጫ በላይ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
መሬት መዝጋቢው ልጅ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስማችንን ሲቆጥር፣
ተራዬ ደረሰ።
«ስም?» አለኝ።
«ቢያድግልኝ።»

ስም እኮ አይደለም፣ የአባቴ ልመና ነው፤
ሦስት ቀብሮ ሲያበቃ፣ በአራተኛው በእኔ እግዜርን የለመነው።
አደግሁለት፤
ቀንበሩን ተቀብዬ እስከ ማታ አረስሁለት፤
ቃሬዛውን ከፊት ይዤ እስከ ደብሩ ሸኘሁት።
እንዲህ ያለ ልመና እኔ የምለምነው ግን
ለማን ብዬ? ማንን?

«ባለቤት?»
«አንጓች።»
ፎቶአችን ጎን ለጎን በሙጫ ተጣብቆ፣
የኔ ዓይን ካሜራው ላይ ፈጦ፣ የሷ ወደ መሬት ጠልቆ።

«ልጆች?»
ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።
ከኋላዬ አያ ይግዛው፣ የድንበር ምስክሬ፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤
«የሱስ ምን ጥፋት አለው፣ ሴትዮዋ ናት መካን» ብሎ ለጎረቤቱ ያወጋል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህችን ወሬ ሰማሁ፤
አሥራ አምስቱን አምኜ፣ አራቱን አውቄ ዝም አልሁ።

ሥር ቀቅለው አጠጧት፣ ክታብ አሰሩላት፣
ክርስትና ቤት ስትገባ ሕፃኑን በነጠላ ሸፈኑባት፤
አክስቴ፣ አንጓች እግሯን እያጠበቻት፣
«ሌላ ያግባ እንጂ» አለቻት።
እኔ?
እኔ በሬዬን ነድቼ ወጣሁ።

«ሞተር ልገዛ ነው» ብዬ ነው ማርቆስ የሄድሁ።
ነርሷ ክዳን ያላት ብልቃጥ ሰጥታ መጸዳጃውን ጠቆመች፤
በሩ መቀርቀሪያ የለው፤ አንዲት አሮጊት ታንኳኳለች።
እግሬን በሩ ላይ ተክዬ፣
የአርባ ዓመት ሰው፣ እንደ ሌባ ትንፋሼን ውጬ፣
ላቤን ጠርጌ ወጣሁ፣ ብልቃጧን በጋቢዬ ሸሽጌ።

ሐኪሙ የእህቴን ልጅ ያክላል።
«አባቴ» ብሎ ጀመረ፣ ልማድ ሆኖበት ይመስላል፤
ከዚያ ቃሉን ዋጠና ወረቀቱን ወደኔ አዞረ።
ዜሮ።

እኔ! አገሩ ዘር ሲያጣ ደጄን የሚያንኳኳው፣
ጤፍ በቁና፣ ዳጉሳ በቁና ለስንቱ የማበድረው፣
የሚበቅለውን ከማይበቅለው በጥርሴ የምለየው።

ሞተሩን ገዛሁ። በአይሱዙ ጭኜ ገባሁ።
ወረቀቱን ሁለት አጥፌ ከማገሩ ሥር ወተፍሁ።
በወሩ ብፈልገው፣ አራት ታጥፎ አገኘሁ።

ስምንተኛ ድረስ ተምራለች፣ አንጓች።
ምንም አላለች።
በማግስቱ ጀሪካኗን አዝላ ጠበል ወረደች፤
በወሩም፣ በዓመቱም ወረደች፣
ሰው ፊቱን ወደኔ እንዳያዞር፣ ያን ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣች።

«ልጆች?» አለ መዝጋቢው ደግሞ፣ አሁን ቀና ብሎ።
የዋርካው ፍሬ ጠብ አለ ከጠረጴዛው ተንከባሎ።
«የሉንም» አልሁ።
«እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ሐኪም አይቶኛል።»

አያ ይግዛው ሳሉ ጉሮሮው ላይ ቀረ።
ማዶ የማን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ጥጃ እምቧ አለ።
ልጁ ደብተሩን ገለበጠ፣ መለሰ፣ እንደገና ገለበጠ፤
ለእንዲህ ያለ ነገር ረድፍ የለውም።
ወራሽ በሚለው ፊት አጭር ሰረዝ አሰመረ፤
«እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ።

ተምጫን ተሻግሬ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤
አጥር ጥግ የቆሙት ሴቶች ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።
አንጓች ከበርበሬው መደብ መሀል፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣
ደብተሩን አልጠየቀችኝ። አየችኝ ብቻ፣ ጎንበስ ካለችበት ነቅታ፤
ረጅም አየችኝ።
«ሞተሩ ውሃ አልስብ ብሏል» አለች፣
«ና፣ ጎማውን ያዝልኝ።»